ያልፋል ወይስ ያልፍልናል

ጠዋት ጠዋት እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ወደ ማራኪ ስሄድ አንዲት ባጃጅ አያለሁ። ጀርባዋ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተለጥፎባታል፦ «ያልፋል»። የክለብ ዓርማ የላትም። የዘፋኝ ፎቶም የላትም። ከነጭ ፕላስቲክ የተቆረጡ አራት ፊደላት ናቸው። ጠርዛቸው በአቧራና በጭስ ጠቁሯል።

ለወራት ልብ ሳልላት ኖርኩ። አንድ ቀን ግን መንገዱ ተዘጋጋና እኔ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ልክ ከኋላዋ ቆመች። ሃያ ደቂቃ ያህል ከዚያች ቃል ጋር ተፋጠጥን። ምኑ ነው የሚያልፈው? ክረምቱ? ችግሩ? ዘመኑ? ወይስ እኛው?

ሥራዬ ማስተማር ነው። ሶሲዮሎጂ አስተምራለሁ። ያን ቀን ክፍል ስገባ ያዘጋጀሁትን ትቼ ቃሏን ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት። ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

እስቲ ቀረብ ብለን እንያት። አማርኛ «አለፈ» የሚለውን ግሥ ብዙ ያሸክመዋል። መንገደኛ ያልፋል። ክረምት ያልፋል። ተማሪ ፈተና ያልፋል። ሰው ሲለየን «ሞተ» ማለቱ ሲከብደን «አለፈ» እንላለን። ትንሽ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ቃል ይሆናል። «አለፈለት» ማለት ከችግር ወጣ፣ ሰው ሆነ ማለት ነው። እናት ልጇን ስትመርቅ «ያልፍልሃል» ትላለች። «ያልፋል» ላይ ዘመኑ ብቻውን ይሄዳል። «ያልፍልሃል» ላይ ግን ሲሄድ ለአንተ የሚተውልህ ነገር አለ።

ያለፉት ዓመታት ለከተማችን ቀላል አልነበሩም። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘጋ። ከዚያ ሳናገግም በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። በሐምሌ 2015 ማብቂያ ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታም ለወራት ጠፋ። ማታ ወጣ ብሎ መምጣት ቀረ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ የወር ደመወዝም ወሩን መድረስ ይበልጥ አቃተው። ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። እዚህ የሚኖር ያውቀዋል፣ የማይኖርም ሰምቶታል። እኔ የምፈልገው በዚህ ሁሉ መሃል ቆሞ ማስተማር ምን እንደሚመስል መናገር ነው።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና መውሰድ ግድ ሆነበት። ስለዚህ በእኛ ሥራ «ማለፍ» ከባድ ቃል ነው። በፊት ወንበር ይጠብበት የነበረው ክፍል አሁን ሦስት ረድፍ አይሞላም። የመጡት ልጆችም ግማሽ ልባቸው ስልካቸው ላይ ነው። ከቤት ሲደወል አንዳንዱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ብድግ ብሎ ይወጣል። አልቆጣም። እኔም ክፍል ውስጥ ስልኬን ድምፁን አላጠፋውም፤ ገጠር ያለችው እኅቴ ከደወለች ማንሳት አለብኝ።

ኢንተርኔት በጠፋበት ሰሞን የማስተምርበት ጽሑፍ ቸገረኝ። በፍላሽ የነበረኝን ሁሉ ለተማሪዎቹ በዜንደር ላክሁላቸው። እነሱም በምላሹ ይልኩልኝ ጀመር። ዘፈን ላኩልኝ፣ ቀልድ ላኩልኝ፣ ሱቅ ሄደው ያስጫኑትን ድራማ ላኩልኝ። ሁሉም ነገር ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር። አንዱ ዘፈን ከማን ጀምሮ እኔ ዘንድ እንደደረሰ ስጠይቅ ስድስት ሰው ተቆጠረ። መጻሕፍቱ ፖፑላር ከልቸር የሚሉትን ነገር ያኔ በእጄ ይዤ አየሁት። ሰው በየዕለቱ የሚዘፍነው፣ የሚያየው፣ የሚለጥፈው፣ የሚስቅበት ነገር ነው። መስመር ሲቋረጥ አልቆመም። በእግሩ መሄድ ጀመረ እንጂ።

ያኔ ነው የቤት ሥራውን የሰጠሁት። «በየመንገዱ ባጃጅና ሚኒባስ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ እየጻፋችሁ አምጡ» አልኳቸው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ብርም አይፈልግም።

አንዲት ልጅ በሁለት ሳምንቷ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዝምተኛ ናት፤ እጇን አውጥታ አታውቅም። ገጹን በእስክርቢቶ ለሁለት ከፍላዋለች። በግራ የደበዘዙትንና የተላላጡትን ጥቅሶች ጽፋለች፣ በቀኝ አዳዲሶቹን። በግራ በኩል «ምቀኛ አታሳጣኝ» አለ። «ወሬ ለወሬኛ» አለ። «እናቴ ትኑርልኝ» አለ። በቀኝ በኩል «ቀን ይወጣል»፣ «ሳይደግስ አይጣላም»፣ «አይዞን»፣ «ያልፋል» ይላል። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«ቲቸር፣ ያረጁት ስለ ሰው ነው የሚያወሩት። ስለ ምቀኛ፣ ስለ ወሬኛ፣ ስለ እናት። አዲሶቹ ግን ስለ ቀን ነው የሚያወሩት። ሰው ሰውን መናገር ትቶ ቀኑን መለማመጥ ጀምሯል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ። ይህቺ ልጅ በአንድ ደብተር ገጽ ላይ ቲዮሪ ሠርታለች። ፍርሃት ከጎረቤት ወደ ዘመን ሲሻገር ሰው የሚያናግረው እንደሚቀየር አይታለች። «ይሄ እኮ ቲዮሪ ነው» ብላት አላመነችኝም። ቲዮሪ ማለት በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከሩቅ የመጣ፣ የሆነ ሰው ስም ያለበት ነገር መስሎ ነው የሚታያት። ማንም አይፈርድባትም። እንደዚያ አድርገን ያስተማርናት እኛ ነን።

በቀጣዩ ሳምንት አንድ መጽሐፍ ይዤላቸው ገባሁ። ጄምስ ስኮት የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ነው። ሰዎች በጉልበተኛ ፊት የሚናገሩትና ዘወር ሲል የሚናገሩት እንዴት እንደሚለያይ ያጠናበት መጽሐፍ ነው። በዓለም ዙሪያ ሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ የሚማር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ስሙን ይሰማዋል። መጽሐፉ ከመጀመሩ በፊት፣ መግቢያው ላይ አንድ ተረት ተቀምጧል። «የኢትዮጵያ ተረት» ይላል። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ ትልቁ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፤ ድምፅ ሳያሰማም ይፈሳል።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ጌታውም እኮ ያልፋል!» ብሎ ጮኸ።

እውነቱን ነው። ተረቱ ውስጥ የእኛዋ ቃል አለች። ገበሬው ጎንበስ ሲል ጌታው በመንገዱ እንደሚያልፍ ያውቃል። በሌላውም ትርጉም እንደሚያልፍ ያውቃል። ያን ያህል ዓመት ሳስተምረው ይህንን አላየሁትም ነበር። ያየው የገበሬ ልጅ ነው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። እኛ ከውጭ መጽሐፍ ላይ እያነበብን ለልጆቻችን የምንሰጠው አንዳንዱ ነገር መጀመሪያ ከእኛ ደጅ የሄደ ነው። ሲመለስ ሌላ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ አናውቀውም። መጽሐፉን እንተወው እያልኩ አይደለም። ስኮትን እወደዋለሁ፣ ማስተማሬንም እቀጥላለሁ። ግን ያቺ ልጅ ደብተሯን ከእሱ መጽሐፍ ጎን አስቀምጣ ማየት እንድትችል እፈልጋለሁ። («ይሉኝታ» የምትለዋን ቃል ተመልከቷት። ሰው ምን ይለኛል ማለት ናት። አሜሪካዊው ቻርልስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች መስታወት ነው ብሎ ጻፈ፤ ጽንሰ ሐሳቡ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። የእኛ አያቶች አንድ ቃል በቂያቸው ነበር።)

የጎንደርና የቅኔ ነገር ሲነሳ ዶናልድ ሌቪንን ማለፍ አይቻልም። የቺካጎው ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል የጻፈውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰየመው። እዚያ ውስጥ ለምሳሌ ካቀረባቸው ስንኞች አንዷ ይህች ናት፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ አዳምና ስቅለቱ ነው። ወርቁ አንዲት ሴት ናት። ሌቪን ይህንን አደነቀ፤ ለቀልድም፣ ለስድብም፣ ምስጢር ለመጠበቅም እንዴት እንደምንጠቀምበት አስረዳ። ግን ስጋትም ነበረው። ዘመናዊ ሕይወት ግልጽና አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ንግግር ይፈልጋል፣ ሰምና ወርቅ ደግሞ ከዚያ ጋር ይጋጫል የሚል ነበር። እኔን የሚገርመኝ ከ20 ዓመት በኋላ ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ የምዕራቡ ማኅበራዊ ሳይንስ ራሱ ከአሻሚ ነገር እየሸሸ ብዙ ነገር እንዳጣ ተከራከረ። አንድ ሰው አማርኛ ተምሮ ሄዶ የራሱን አገር ሳይንስ በአማርኛ ዓይን አየው ማለት ነው። ሌቪን እ.ኤ.አ. በ2015 አረፈ። ይህችን መንገዱን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ይህ ነገር በራሴ ላይም ደርሷል። የባጃጅ ጥቅሶቹን ይዤ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀሁና ለአንድ ጆርናል ላክሁት። ስሙን አልጠራውም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ጥሩ ነገር ጻፈልኝ። ሌላው ግን «ያልፋል» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ አንድ ትርጉም መርጬ እንድጸና ጠየቀኝ። ያለዚያ ትንታኔው አይያዝም አለ። ሦስት ሌሊት አሰብኩበት። አንዱን ከመረጥኩ ባጃጇ ላይ ያለው ቃል ይሞታል። ቃሉ የሚሠራው ሁሉንም በአንድ ላይ ስለሚል ነው። ሰው የሚለጥፈውም ለዚያ ነው፤ ማንም ሊቆጣበት አይችልም፣ ሁሉም ግን ይሰማዋል። ይህንን ጽፌ ልመልስ ስል ዳታው ጠፋ። መስመር ሲመጣ የእርማት ጊዜው አልፎ ነበር። ጽሑፉ ተዘግቷል የሚል መልእክት ጠበቀኝ። አዘንኩ፣ አልዋሽም። በጽሑፍ ብዛት በሚቆጠር ሥራ ውስጥ አንድ ጽሑፍ ብዙ ነው።

ያን ሰሞን ነው ግራምሺን ደግሜ ያነበብኩት። አንቶኒዮ ግራምሺ ጣሊያናዊ የማርክሲዝም አሳቢ ነበር። የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1926 አሰረው። እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ እስር ቤት ውስጥ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፤ ከ30 በላይ ደብተር ሞላ። ምን ጻፈ? ስለ ፖለቲካና ስለ ታሪክ ጽፏል። ግን ስለ ተራው ሰው ተረትና እምነት፣ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ስለሚወጡ የፍቅርና የወንጀል ልብ ወለዶችም ጽፏል። ሰው ምን እንደሚያነብና ለምን እንደሚወደው ማወቅ ፈለገ። ሥልጣን በጠመንጃ ብቻ እንደማይቆም፣ ሰው ልብ ውስጥም እንደሚቆም ያየው በዚህ መንገድ ነው። ሳንሱር ስላለበት ማርክሲዝምን በስሟ ሳይጠራ «የተግባር ፍልስፍና» ይላት እንደነበር ብዙዎች ይናገራሉ። ይህንን ስነግራቸው ተማሪዎቼ የሰጡኝ መልስ አንድ ነው፦ «ቅኔ ነዋ!»

አንድ ነገር ልጨምር። የጎንደርን ፒያሳ የሚያውቅ ሰው ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ያውቃል። ያንን ክብ ክብ ማዕዘን፣ ያንን የጣሊያን ግንብ። የሙሶሊኒ ጦር ጎንደር የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1928 ነው፤ የወጣው በኅዳር 1934። ግራምሺ የሞተው በዚህ መሃል፣ በእኛው አቆጣጠር በ1929 (እ.ኤ.አ. በ1937) ነው። እሱን ያሰረው መንግሥት ነው ፒያሳችንን የሠራው። ይህንን ካሰብኩ ወዲህ በፖስታ ቤቱ ስር ስሄድ ደረጃው ላይ የተቀመጡትን ሊስትሮዎችና ካርድ ሻጮች አያቸዋለሁ። ግራምሺ ቢያያቸው ደብተሩን ያወጣ ነበር። ምን ትሰማላችሁ፣ ምን ያስቃችኋል ብሎ ይጠይቃቸው ነበር።

ኳስ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን መዝለልም አልችልም። በ2013 የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወሰደ። ጦርነት ነበር። ኮሮና ነበር። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ነበር የሚካሄዱት፤ እኛ ሜዳ ላይ አልነበረም። ዐፄዎቹ ዋንጫ ሲያነሱ እኛ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ተጣበን ነበርን። ከጎኔ የቆመ የማላውቀው ሰው አቀፈኝና አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ አልጠየቅሁትም፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1912 ሰዎች ሲሰበሰቡ በመካከላቸው ስለሚነድደው ኃይል ጻፈ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ልጁን አጣ። እሱም እ.ኤ.አ. በ1917 ሞተ። ይህንን የሕይወቱን ክፍል ሳስተምር ድሮ እዘለው ነበር። አሁን አልዘለውም። ቲዮሪ የጻፉልን ሰዎች ተመችቷቸው የተቀመጡ ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ አዝማሪው ልሂድ።

ድሮ ማታ ነበር የሚኬደው። ማታው ሲቀር አዝማሪውም ወደ ቀን መጣ። አንድ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር አንድ ጠጅ ቤት ገባን። አሥር የማንሞላ ሰዎች ነበርን። አዝማሪው ወጣት ነው። ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያችን አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ቀስ አድርጎ ይገዘግዛታል። ስለ እንግዳው ልብስ፣ ስለ ባልደረባዬ መነጽር ገጠመ፤ ሳቅን። ከዚያ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብርሌያቸውን አስቀመጡና «ተቀበል!» አሉ።

«እሺ ጌታዬ!» አለ አዝማሪው።

ለማያውቅ ልንገር። «ተቀበል» ሲባል ግጥሙ የአድማጩ ነው። አድማጭ ይሰጣል፣ አዝማሪ ተቀብሎ ያዜማል። እንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የነበሩት የባህል አጥኚዎች እነ ስቱዋርት ሆል አድማጭ የሰጡትን ዝም ብሎ የሚጎርስ ሰው እንዳልሆነ፣ መልእክቱን እሱም እንደሚሠራው ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል። ትልቅ ሥራ ነው። ያንን ሥራ የጀመረው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ ነበር፤ ወደ ትምህርት ክፍልነት ካደገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኒቨርሲቲው ዘጋው። ለካ መዘጋት እዚያም አለ። እዚህ ጠጅ ቤት ውስጥ ግን አድማጩ ደራሲ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ቃል ብቻ መጮህ ነው።

ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦

ክረምቱ ያልፋል አሉ፣ ክረምት ማን አሰረው፣
አብሮት የሚያልፈውን ማን በቆጠረው።

አዝማሪው የመጀመሪያዋን ስንኝ እንዳለች ተቀበለ። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ማሲንቆዋን ሁለቴ አስጮሃት። ከዚያ የመጨረሻዋን ቃል ቀየራት፦

አብሮት የሚያልፈውን ማን በዘከረው።

ማንም አላጨበጨበም። ቤቱ ረጭ አለ። «በቆጠረው» ሲሉ ሽማግሌው የጠፋውን ቁጥር ነው የጠየቁት። ቅኔም ይቆጠራል፤ ያም አለበት። አዝማሪው ደግሞ ቁጥሩን ወደ ዝክር መለሰው። የተቆጠረ ሰው ስም ላይኖረው ይችላል። የተዘከረ ግን ስሙ ተጠርቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ቀርቦ ነው። አንዲት ቃል ናት የቀየረው።

ሽማግሌው ተነሡ። መቶ ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉና ተመልሰው ተቀመጡ። ስንወጣ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ግጥሙን ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከቤቴ ነው ልጄ» አሉኝ።

ቤት ማለት የግጥም ቤትም ነው። ግን ፊታቸውን አይቼ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ አሁን እዚህ የለም። ባለፈው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። አልወቅሰውም፤ ልጆች አሉት። ሲሄድ መጻሕፍቱን በካርቶን አድርጎ ቤቴ አመጣልኝ። ፎቶ ኮፒ የሆኑ፣ በፕላስቲክ የተጠረዙ፣ ዳር ዳራቸው በእስክርቢቶ የተሞላ። በር ላይ ቆመን «አንተስ?» አለኝ። ያን ጊዜ በደንብ መመለስ አልቻልኩም። አሁን ልመልስለት። የዚያችን ልጅ ደብተር የሚያነብ ሰው እዚህ መኖር አለበት። «ጌታውም ያልፋል» ሲባል የሚሰማ፣ ሰምቶም «ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ጻፈው» የሚል ሰው። ሌላ አገር ሆኜ ስለ እነሱ መጻፍ እችል ይሆናል። ከእነሱ ጋር ግን አልጽፍም። ያች ልጅ ዘንድሮ የመውጫ ፈተናዋን አለፈች። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በእነዚያ ጥቅሶች ላይ ነው። ለ«ያልፋል» አራት ትርጉም ሰጥታ አንዱንም አልጣለችም።

ባለፈው ሳምንት ያችን ባጃጅ አገኘኋት። ባዶዋን ቆማ ነበር፤ ገባሁ። ሹፌሩ ወጣት ነው። ስንሄድ ስለ ጽሑፉ ጠየቅሁት።

«አባቴ ናቸው የመረጡት» አለ። «ባጃጇን ሲገዙልኝ ያኔውኑ አስለጠፏት። እሳቸው ካለፉ ወዲህ ግን ቃሉ ይከብደኛል ጋሼ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ እኔ ደግሞ ጧት ስነሣ አነበዋለሁ። ልቀይረው ነው። አንቱ መምህር አይደሉ? ምን ላስለጥፍ?»

«ምን ልትል ፈለግህ?» አልኩት።

«"ያልፍልናል" ማለት ነው የፈለግሁት። ግን የእሳቸውን ልጬ መጣል አልቻልኩም።»

ማራኪ እስክንደርስ ተወያየን። እኔ ወንበሩ ላይ በጣቴ ፊደሎቹን እየጻፍኩ አሳየሁት። እሱም በመስታወቱ እያየ ራሱን ነቀነቀ። ለጽሑፍ ቆራጩ የሚከፈለው በፊደል ነው።

ትናንት ደግሞ ዳገቱ ላይ ከፊቴ አየኋት። ከአባቱ አራት ፊደላት አንዷን ብቻ ነው ያስነሣት፤ «ፋ»ን። በቦታዋ «ፍ» ገብታለች። መጨረሻ ላይ «ና» እና «ል» ተጨምረዋል። ሦስቱ አዲስ ፊደላት ነጭ ናቸው፣ ገና አቧራ አልነካቸውም። ሦስቱ የአባቱ ጠርዛቸው እንደጠቆረ ነው፣ እዚያው መሃል መሃል ላይ።